ከምሽቱ 2 ሰዓት የተዘጋ ዋጋ



የዛሬው ጽሑፍ የዋጋ ዝርዝር የለውም። የኒውዮርክ መዝጊያም የእህል በረንዳ ዋጋም እንደተለመደው ነገ ጠዋት ይለጠፋል። ዛሬ የማወራው ዋጋ ከመዘጋቱ በፊት ሻጩ ጭንቅላት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ከ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ልጀምር። ከዲላ ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ ቡና አምራች አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ስድስት ዓመት ቡናቸውን ከገዢ ጋር አገናኝቻለሁ። አንድ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደወሉ። በዚያ ሰዓት ደውለውልኝ አያውቁም። ልጃቸው ሆስፒታል ገብታለች፣ ቀዶ ጥገና ተብላለች፣ ጠዋት የሚከፈል ገንዘብ ጎድሏቸዋል። "ልጄ፣ ቡናውን አሁኑኑ ሽጥልኝ" አሉኝ።

ቡናው ዛፍ ላይ ነው፣ ገና አረንጓዴ። እኔ ዘንድ ግን ቀድሞ ገንዘብ ከፍሎ የኅዳርን ቡና የሚያስይዝ አንድ የማጠቢያ ጣቢያ ባለቤት ነበር። እሱ የሚሰጠውን ዋጋ ነገርኳቸው። ዝቅ ያለ ዋጋ ነው። አስታውሱ፣ ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ገና ሳምንታት ናቸው፣ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሄዷል። የኅዳር እሸት ቡና በድሮው ዋጋ እንደማይከፈት በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይገምታል። እኔም ገምቻለሁ። እሳቸው ግን "እሺ" አሉ፣ አልተከራከሩም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገንዘቡ ገባላቸው፣ ኮሚሽኔም ለኔ ገባ።

አሁን ስለ እኚሁ ሰው ሌላ ነገር ልንገራችሁ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ጀንፈል ሲሸጡ በኪሎ ለአንድ ብር ልዩነት ሁለት ቀን ሙሉ አድርቀውኛል። ሌሎች ሁለት ነጋዴዎች ዘንድ ሄደው ዋጋ ጠይቀው መጡ። ሚዛኑን ራሳቸው ፈተሹ። ምሳ ጋብዤ ላለሳልሳቸው ብሞክር ምሳውን በልተው ዋጋውን አልቀነሱም። በመጨረሻ ያሸነፉት እሳቸው ናቸው። በጥር ለአንድ ብር ሁለት ቀን የጠበቁት ሰውና በነሐሴ የድካማቸውን ትልቅ ክፍል በሁለት ደቂቃ የለቀቁት ሰው አንድ ናቸው።

እኛ ነጋዴዎች ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለን፦ "ገበሬ አርቆ አያስብም።" ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁ። አርቆ የማያስብ ሰው ከሆኑ ታዲያ በጥር ያንን ሁሉ ማን አሰበላቸው?

ነገሩ ሲከነክነኝ ማንበብ ጀመርኩ። በህንድ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ። አጥኚዎቹ 464 ገበሬዎችን ሁለት ጊዜ ፈተኗቸው፦ አንዴ ምርት ከመሰብሰቡ በፊት እጃቸው ባዶ ሳለ፣ አንዴ ደግሞ ተሰብስቦ ገንዘብ ከያዙ በኋላ። ፈተናው የማገናዘብና መጀመሪያ የመጣውን ስሜት የመግታት ነው። ያው ገበሬ ከምርት በፊት ያመጣው ውጤት ከምርት በኋላ ካመጣው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የተለወጠው ኪሱና ጭንቅላቱን የያዘው ሐሳብ ነው እንጂ ሰውየውማ ራሱ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1999 እ.ኤ.አ. ባባ ሺቭና አሌክሳንደር ፌዶሪኪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ደግሞ አለ፣ ይኼኛው ያስቃል። ለተማሪዎች ቁጥር በቃላችሁ ያዙ አሏቸው። ለግማሾቹ ባለ ሁለት አሃዝ፣ ለግማሾቹ ባለ ሰባት አሃዝ። ቁጥሩን ይዘው ወደ ሌላ ክፍል ሲሄዱ መንገድ ላይ የቸኮሌት ኬክና የፍራፍሬ ሰላጣ ቀረበላቸው፣ አንዱን ምረጡ ተባሉ። ምግቡ ፊት ለፊታቸው ሲቀመጥ ሁለት አሃዝ ከያዙት 41 በመቶዎቹ ኬክ መረጡ። ሰባት አሃዝ ከያዙት ግን 63 በመቶዎቹ። አስቡት፣ ሰባት ቁጥር ማለት ከአንድ የስልክ ቁጥር ያነሰ ሸክም ነው። አባባ በዚያ ምሽት የያዙት የስልክ ቁጥር አልነበረም፣ ልጃቸውን ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅም አለብኝ። "ራስን መግዛት እንደ ጡንቻ ነው፣ ሲሠራ ይዝላል" የሚል ንድፈ ሐሳብ ለዓመታት በጣም ታዋቂ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ከ20 በላይ ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ደግመው ሲሞክሩት ውጤቱ ከዜሮ ብዙም አልራቀም። ሌላም አለ። በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች ከደመወዝ ቀን በፊትና በኋላ ያነጻጸረ ጥናት ከደመወዝ በፊት የተጠየቁት ገንዘብን ቶሎ ለማግኘት የበለጠ እንደሚቸኩሉ አገኘ። በማሰብ ፈተናው ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ማለት፣ ሁሉንም በጭንቅላት ላይ መጫን አይቻልም። ሰው እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ ሲያልቅ የዛሬ አንድ ብር ከነገ ሁለት ብር የሚበልጥበት እውነተኛ ሁኔታ አለ።

እኔ የማምነው ሁለቱም አብረው እንደሚመጡ ነው። እጥረቱ ይመጣል፣ ከእጥረቱ ጋር ጭንቀቱ ይመጣል፣ ጭንቀቱ ደግሞ ሌላውን መንገድ ሁሉ ከዓይን ይሰውራል። አባባ ያን ቀን ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር፣ ይህ እውነት ነው። ግን ሙሉውን ቡና መሸጥ አያስፈልጋቸውም ነበር። ከቡናው ሲሶው ይበቃቸው ነበር። ይህን እሳቸው አላዩትም፣ እኔ አየሁትና ዝም አልኩ።

"የቸገረው እርጉዝ ያገባል" ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ደላሎች ምሳሌውን ሁልጊዜ በቸገረው ሰው ላይ ነው የምንተርተው። ችግሩን አይቶ ዋጋ ያወረደውን ግን ማንም አያነሳውም።

ሒሳቡን እንሥራው፣ ሒሳብ አይዋሽም። እንዲመቸን ክብ ቁጥር እንውሰድ። 1,000 ኪሎ እሸት ቡና አለ። በኅዳር በኪሎ 100 ብር የሚያወጣውን በነሐሴ በ80 ብር ሸጡት እንበል። ነሐሴ ላይ 80,000 ብር ይቀበላሉ፣ ከሦስት ወር በኋላ 100,000 ብር የሚያወጣ ቡና ያስረክባሉ። መሐል ላይ ያለው 20,000 ብር የ80,000 ብር ወለድ ነው። 25 በመቶ፣ ያውም በሦስት ወር! በዓመት በአራት ብታባዙት 100 በመቶ፣ ወለድ በወለድ ላይ ከታሰበ 144 በመቶ። ይህን ወለድ አንድ አበዳሪ በጥር ቢጠይቃቸው አባባ ከበራቸው ያባርሩት ነበር። "የቡና ሽያጭ" የሚል ስም ሲሰጠው ግን ወለድ መሆኑ አይታይም። ገዢውም ዋጋ ቢወርድ የሚሸከመው አደጋ እንዳለ አልክድም። ግን ያን አደጋ ሲመዝን የተረጋጋው እሱ ብቻ ነው።

ይህ የገበሬ ችግር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትዘልሉት የራሴን ልናዘዝ።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ኒውዮርክ ላይ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ የወጣበትን ሰሞን ታስታውሳላችሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ያየነው ቡና ነው። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ማታ ሦስት አይሱዙ በቆሎ ኬላ ላይ ቆሞብኛል፣ ሹፌሮቹ በየተራ ይደውላሉ፣ የበቆሎው ባለቤት ይሳደባል። በዚህ መሐል የአንድ ደንበኛዬን አንድ መኪና ቡና የሚፈልግ ገዢ ደወለ። "በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልመለስክልኝ ሌላ ጋ ሄድኩ" አለኝ። ለባለቤቱ ደወልኩ፣ "አንተ ይሻላል ካልክ እሺ" አለኝ። ይሻላል አልኩ፣ ዘጋሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ደቂቃ የፈለግኩት ጥሩ ዋጋ ሳይሆን አንድ ስልክ ከላዬ ላይ እንዲወርድልኝ ነበር። ጠዋት ቴሌግራሜን ስከፍት ከሌላ ገዢ የተሻለ ዋጋ ማታ 1 ሰዓት ላይ ተልኮልኝ ሳላነበው አድሯል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። እኔ ግን ያፈሰስኩት የሰው ነው።

እኔ ዲፕሎማ አለኝ፣ ገበያውን ቀኑን ሙሉ አያለሁ፣ የዋጋ ቻናል እከታተላለሁ። አንድ ኬላና ሦስት ሹፌር በቂ ሆኑብኝ። ታዲያ አባባ ላይ ምን አፍ አለኝ?

ላኪዎቻችንም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። ብሩ ከመለቀቁ በፊት ለዶላሩ ሲባል ቡና በኪሳራ ይላክ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬም የባንክ ብድር መክፈያው ሲደርስ፣ የኮንቴይነር ቀጠሮ ሲጠብ፣ ገዢው "ዛሬ ማታ ፈርሙ" ሲል የሚፈረም ውል አለ። በማግስቱ የሚቆጭ ሰውም አለ።

ደግሞ ጭንቀቱ በአጋጣሚ የሚመጣ ብቻ አይደለም፣ ቀን መቁጠሪያ አለው። ክረምቱ ሲገባ ጎተራው ይጎድላል። ነሐሴና መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተር፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል ተደራርበው ይመጣሉ። ቡናው ዛፍ ላይ የሚሸጠው ያኔ ነው። ጤፍ አምራቹ ዘንድ ደግሞ የማዳበሪያ ዕዳና የዓመቱ ወጪ የሚጠብቀው ምርቱ አውድማ ላይ ሳለ ነው። ሁሉም ታኅሣሥና ጥር ላይ አንድ ላይ ያወጣል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ሐምሌ ላይ ያው ሰው በውድ ገዝቶ ይበላል። ይህን በየዓመቱ እዚህ ቻናል ላይ በሰንጠረዥ እናወጣለን። "ወቅታዊ የዋጋ መዋዠቅ" ብለን እናልፈዋለን። ከመዋዠቁ ከፊሉ ግን የብዙ ሺህ ሰው ጭንቀት በአንድ ሳምንት ገበያ ሲወጣ ነው።

ሊስተካከል እንደሚችል ደግሞ ከጎረቤታችን ከኬንያ ሁለት ማስረጃ አለ። በምዕራብ ኬንያ ገበሬዎች ማዳበሪያ ለመግዛት እያሰቡ ገንዘቡ በእጃቸው አይቆይም ነበር። አጥኚዎች ልክ ምርት እንደተሰበሰበ፣ ገንዘቡ ሳይበተን፣ "አሁን ከከፈላችሁ በነፃ እናደርስላችኋለን" ሲሏቸው ገዢው ጨመረ። ሌላው ደግሞ የበቆሎ ነው። በምርት ሰዓት ብድር ያገኙ ገበሬዎች በቆሏቸውን አቆይተው ኋላ ላይ ሸጡ፣ ተጠቀሙም። ብድሩ ለብዙዎች በተሰጠበት አካባቢ የገበያው መዋዠቅ ራሱ ለዘብ አለ። በሁለቱም ቦታ "ታገሱ" ተብሎ የተሰበከ ሰው የለም። ውሳኔው ወደ ተረጋጋ ሰዓት ተወሰደ ወይም ገንዘቡ ወደ ጨነቀ ሰዓት መጣ። ለኔ ዋናው ትምህርት ይህ ነው። የተጨነቀን ሰው ትዕግሥት ማስተማር ለተራበ ሰው ስለ ጾም እንደማውራት ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ በየድርሻችን።

1. ዩኒየኖችና ማኅበራት። ሁለተኛውን ክፍያ ስትከፍሉ አባሉን በጥር፣ ሰው ልቡ ሰፊ በሆነበት ሰዓት፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "ከዚህ ላይ ምን ያህሉ ለነሐሴ ይቀመጥልህ?" ዜሮ ካለ ይሁን፣ ገንዘቡ የራሱ ነው። የሚፈልግ ካለ ግን በቁጠባና ብድር ማኅበሩ በኩል ይያዝለት። የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮውንም በፈቃዱ ከዚያው ላይ ቁረጡለት። ነሐሴ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሚደወሉት ስልኮች ስንቱ የሕመም እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

2. ላኪዎች። የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋችሁን ጠዋት፣ ስልኩ ሳይጮህ፣ በወረቀት ጻፉት። ማታ ከዚያ በታች የሚጠይቅ ከመጣ መልሱ "ነገ" ይሁን። ለአቅራቢዎቻችሁም እንደዚሁ አድርጉ፣ የ10 ደቂቃ ቀጠሮ አትስጡ። አንዳንዴ ገበያው ራሱ እንደሚያጣድፍ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ግን የሚያጣድፈው ሻጩ አስቦ እንዳይደርስበት ነው። እንተዋወቃለን።

3. እኛ ደላሎችና ነጋዴዎች። ገንዘብና ዋጋን እንለያቸው። የጨነቀው ሰው ሲደውል ገንዘቡን ዛሬ እንስጥ፣ ዋጋው ግን በማስረከቢያው ቀን በአካባቢው ገበያ ይወሰን። ላስቀደምነው ገንዘብ የሚቀነሰው ልክ ከፊት ተነግሮ፣ በጽሑፍ ሰፍሮ ይቀመጥ። ያኔ ሻጩ ብድር መበደሩን፣ ስንት እንደሚከፍልበትም ያውቃል። ገዢውም ቡናውን ያገኛል። ደግሞ መጀመሪያ እንጠይቅ፦ "ዛሬ የሚያስፈልግህ ስንት ነው?" ለዚያች ብቻ የሚበቃውን እናስይዝ፣ ሌላው ዛፉ ላይ ይቆይ።

የሚመጣብኝን አውቃለሁ። አንደኛው፣ "አንተ ደላላ ነህ፣ እንጀራህን ትረግጣለህ እንዴ?" የሚል ነው። እንጀራዬ የሚመጣው በየዓመቱ ተመልሶ ከሚደውልልኝ ሰው ነው። ተበልቻለሁ ብሎ የቀረ ሻጭ ለማንም ኮሚሽን አያመጣም። ሁለተኛው ጠንከር ይላል፦ "ዋጋ ቢወርድስ? ቆይ ያልከው ሰው ቢከስርስ?" ልክ ነው። ቡና ይዞ ቆይቶ የከሰረ ሰው ሁላችንም እናውቃለን፣ ማቆየት በራሱ ጥበብ አይደለም። ወዲያው መሸጥ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ የምለው ሽጡ ወይም አትሽጡ አይደለም። የሚሸጠውም የሚያቆየውም ሰው ጭንቅላቱ የራሱ በሆነበት ሰዓት ይወስን ነው የምለው። ከዚያ በኋላ ቢከስር እንኳ ገበያው ነው ያከሰረው።

የአባባን መጨረሻ ሳልነግራችሁ አልዘጋም። ልጃቸው ድናለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኅዳር ላይ እሸቱ በነሐሴ ከያዝነው ዋጋ በጣም ከፍ ብሎ ተከፈተ። ጎረቤቶቻቸው በአዲሱ ዋጋ ሲሸጡ እሳቸው ቃላቸውን ጠብቀው ሙሉውን አስረከቡ። አንዲት ኪሎ አላጎደሉም። የማጠቢያ ጣቢያውን ባለቤት ትንሽ ጨምርላቸው ብዬ ጠየቅኩት፣ "ውል ውል ነው" አለኝ። ሕጉ ከሱ ጋር ነው፣ ምንም ማለት አልቻልኩም። ኮሚሽኔን መለስኩላቸው፣ ከልዩነቱ አንፃር ግን ምንም አልነበረም። ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝም። "ያን ማታ እኮ ስለ ቡና እያወራን መሆኑን እንኳ ልብ አላልኩም" አሉኝ። ምስጋናቸው ከስድብ የባሰ ነበር የከበደኝ።

ባለፈው ሳምንት፣ ሰኔ ላይ፣ እኔ ቀድሜ ደወልኩላቸው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ። "አባባ፣ ዘንድሮ ለነሐሴ የሚያስፈልግዎ ስንት ነው?" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ፣ ከዚያ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የበዓሉን፣ የመድኃኒቱን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ቀድመን የያዝነው ከቡናቸው ሩቡን እንኳ አይሞላም፣ ዋጋውም በማስረከቢያው ቀን ነው የሚቆረጠው። በቅናሹ ላይ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩኝ። አሁንም ያሸነፉት እሳቸው ናቸው።

እናንተስ? ዩኒየን ውስጥ ያላችሁ፣ ለአባላት በነሐሴ የሚደርስ ገንዘብ የምታስቀምጡበት አሠራር ካለ ጻፉልኝ፣ ስማችሁን ሳልጠቅስ አወጣዋለሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግን ዋጋ እንዳትልኩልኝ፣ ጠዋት ነው የማየው።

መልካም ገበያ።